ስሙ ብዙ፣ ሐሳቡ አንድ፤ የበሽታ ፍርሃት ታሪክ ከነዘመዶቹ

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ የጦርነትን፣ የረኃብንና የቸነፈርን ታሪክ እየጻፈ አቆይቷል። ነገሥታት ስለ ቈረቈሯቸው ከተሞችና ስለ ያዟቸው አገሮች የሚናገሩ መጻሕፍት በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሞልተዋል። ስለ ፍርሃት ታሪክ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ፍርሃት በቤተ መንግሥትም ሆነ በጎጆ ገብቶ የሚያድር እንግዳ ስለሆነ፣ ታሪኩን መመርመር ከንቱ ድካም አይደለም ብለን እናምናለን። እኛም በዚህ የበዓል መታሰቢያ መጽሔት የምንጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ፍርሃት ነው። ይኸውም ሰው ሐኪም «ደኅና ነህ» ካለው በኋላ «ታምሜአለሁ፤ መሞቴ ነው» እያለ የሚጨነቅበት ፍርሃት ሲሆን፣ ከርሱም ጋር ዘመዶቹ የሆኑትን ሌሎች የአእምሮ ሕመሞች አብረን እንመለከታለን።

አስቀድመን ግን ይህን አርእስት ለምን እንደ መረጥን መናገር ይገባናል።

ባለፈው ዓመት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ልብና ስለ ደም ዝውውር ተማርን። መምህራችንም የእጃችንን የደም ሥር ይዘን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመታ እንድንቈጥር አዘዙን። ሁላችንም ቈጠርን፤ ጻፍን፤ ደወሉ በተደወለ ጊዜም ረሳነው። አንድ ጓደኛችን ግን አልረሳውም። በዚያው ሌሊት በመኝታ ቤት ውስጥ መብራት ከጠፋ በኋላ የደም ሥሩን ይዞ ሲቈጥር ሰማነው። በማግሥቱም ቈጠረ። በሳምንቱ «እስቲ ደረቴን ዳስሰው፤ አመታቱ ልክ ነው?» እያለ ከአልጋ ወደ አልጋ ይዞር ጀመር። ወደ ሐኪም ሦስት ጊዜ ሄደ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ልብህ ጤነኛ ነው» ተባለ። ይህን በሰማ ቁጥር ለሁለት ቀን ያህል ይስቅና ይጫወት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን «ሐኪሙ በደንብ ባያዳምጠኝስ?» ብሎ እንደገና ይጀምራል።

እኛስ ምን አደረግን? ሳቅን። «ሟቹ» የሚል ስም አወጣንለት። ወደ ምግብ አዳራሽ ሲገባ «ሟቹ መጣ፤ ቦታ ልቀቁለት» እንል ነበር። በኋላ ኳስ መጫወቱን ተወ፤ ደረጃ መውጣትም ፈራ፤ የዓመቱ ፈተና ሳይደርስ ወላጆቹ መጥተው ወሰዱት። ሻንጣውን ይዞ በበሩ ሲወጣ የሳቀ አልነበረም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዕውቀት ለማካፈል ብቻ ሳይሆን ዕዳ ለመክፈልም የተጻፈ ነው። ጓደኛችንም እንድንጽፈው ፈቅዶልናል፤ ስሙን ግን ትተነዋል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የዚህ ፍርሃት የጥንት ስሙ «ሂፖኮንድሪያ» ይባላል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ከጎድን ለስላሳ አጥንት በታች ያለውን የሆድ ክፍል ያመለክታል። የሆድ ስም የፍርሃት ስም የሆነበት ምክንያት አለው። በ129 ዓ.ም. ገደማ በጴርጋሞን የተወለደው ታላቁ ሐኪም ጋሌን፣ ከሆድ የሚነሣ እንደ ጢስ ያለ ጥቁር ነገር ወደ አንጎል ወጥቶ ሐሳብን ያጨልማል ብሎ ያስተምር ነበር። ይህን ትምህርት ዛሬ የሚቀበለው የለም። ነገር ግን የእኛም ቋንቋ ፍርሃትንና ኀዘንን በሆድ ውስጥ እንደሚያኖር ልብ እንበል። «ሆዴ ፈራ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ተላወሰ» እንላለን። የጋሌን ጢስ የለም፤ ሰው በሚፈራበት ጊዜ ሆዱ እንደሚረበሽ ግን የግሪክም የሐበሻም ሰው አስተውሏል።

ጋሌን ካያቸው ወይም ከሰማላቸው በሽተኞች መካከል አንዱ ነገሩ የሚያስቅ ይመስላል። በግሪኮች ተረት ሰማይን በትከሻው የተሸከመ አትላስ የሚባል ኃያል አለ። ይህ በሽተኛ «አትላስ ደክሞት ሸክሙን ቢጥለውስ?» እያለ ይጨነቅ ነበር። የሰውየው ጭንቀት ከጓደኛችን ጭንቀት እጅግ የጠና እንደ ነበር ግልጽ ነው፤ ሆኖም በሁለቱ አፍ ላይ ያለችው ቃል አንዲት ናት፤ እርስዋም «ቢሆንስ?» የምትለው ናት። ይህችን ቃል አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በየዘመኑ መልሰን እናገኛታለንና።

ከጋሌን ብዙ ዘመን በኋላ ይኸው ቃል በሃይማኖት ሰዎች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ1491 ዓ.ም. ገደማ በእስፓኝ አገር የተወለደ ወታደር ነበር። በ1521 ዓ.ም. በጦርነት እግሩን ከቈሰለ በኋላ ኑሮውን ለእግዚአብሔር አሳልፎ ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ማንሬሳ በምትባል ከተማ ሳለ ግን ጽኑ ጭንቀት ያዘው። ኃጢአቱን ሁሉ ጽፎ ተናዝዞ ሳለ «የረሳሁት ቢኖርስ?» እያለ እንደገና ይናዘዝ ነበር። ከተናዘዘ በኋላ ጥቂት ያርፋል፤ ወዲያው ጥርጣሬው ይመለሳል። የንስሐ አባቱም «እጅግ ግልጽ የሆነ ኃጢአት ካልሆነ በቀር ያለፈውን መልሰህ አትናዘዝ» ብለው አዘዙት። ይህም አልረዳውም፤ ለእርሱ ሁሉም ግልጽ ሆኖ ይታየው ነበርና። ራሱን ለመግደል እስኪያስብ ድረስ ተጨነቀ። በኋላ ከዚህ ሲፈወስ ያየውን ሁሉ ለሌሎች ጥቅም ጻፈው። በመስቀል ቅርጽ የወደቀ ጭድ ሳያስበው የረገጠ ሰው ከዚያ በኋላ «በድያለሁ፤ ደግሞም አልበደልኩም» እያለ በመካከል ሲዋልል፣ የሚያስጨንቀው ራሱ መዋለሉ መሆኑን አስረዳ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ኢግናጥዮስ የፈራው ሲኦልን ነው፤ ጓደኛችን የፈራው የልብ በሽታን ነው። አንዱ ወደ ንስሐ አባት፣ ሌላው ወደ ሐኪም ይመላለስ ነበር። ነገር ግን «ደኅና ነህ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ከሁለት ቀን በላይ አልቈየላቸውም። የፍርሃታቸው ነገር የተለያየ ሲሆን የሐሳባቸው መንገድ አንድ ነው።

ሌላው ምስክራችን እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ቡንያን ነው። የክርስቲያንን ጉዞ በምሳሌ በመጻፉ ስሙ በዓለም የታወቀው ይህ ሰው፣ በ1666 ዓ.ም. ባሳተመው የራሱ የሕይወት ታሪክ ውስጥ የሚከተለውን ይነግረናል። በወጣትነቱ የቤተ ክርስቲያን ደወል መደወል ይወድ ነበር። ኋላ ግን ይህ ከንቱ ደስታ ነው ብሎ ተወውና፣ ሌሎች ሲደውሉ ለማየት ብቻ ይሄድ ጀመር። አንድ ቀን «ደወሉ ቢወድቅብኝስ?» ብሎ ፈራና ከወፍራም እንጨት ሥር ቆመ። ቀጥሎም «ደወሉ ግድግዳውን መትቶ ነጥሮ ቢመታኝስ?» አለና ወደ በሩ ሸሸ። በበሩም ቆሞ ጥቂት ከተጽናና በኋላ «ግንቡ በሞላው ቢፈርስስ?» ብሎ አሰበ፤ በመጨረሻም ያን ስፍራ ትቶ ለመሸሽ ተገደደ። ደወሉም ግንቡም በርሱ ላይ አልወደቁም። በሸሸ ቁጥር ግን ፍርሃቱ አንድ እርምጃ እየተከተለው ሄደ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረታችን ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ልዩነቱ ቡንያን እባቡን እንኳ አለማየቱ ነው።

በዚያው ዘመን በፈረንሳይ አገር የሐኪም ደጅ የሚጠና ሰው የመሳቂያ አርእስት ሆነ። ዝነኛው የቴአትር ደራሲ ሞልየር «የሐሳብ በሽተኛ» የተባለውን ቴአትር በየካቲት ወር 1673 ዓ.ም. በፓሪስ አሳየ። የበሽተኛውንም ክፍል ራሱ ተጫወተ። ሕዝቡም መድኃኒት ሲቈጥርና ሐኪም ሲያስጠራ በሚውለው ሰው እጅግ ሳቀ። ነገር ግን ሞልየር በእውነት የታመመ ሰው ነበረ። ቴአትሩ ለአራተኛ ጊዜ በታየበት ሌሊት በመድረክ ላይ ሳለ ሕመሙ ጸናበት፤ ወደ ቤቱም ተወስዶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሞተ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የሚያስቀው በሽተኛና በእውነት የታመመው ሰው በአንድ አካል ውስጥ ሊኖሩ መቻላቸው ነው። ሁለተኛውም፣ ከውጭ ቆሞ የሚስቅ ሰው የትኛውን እንደሚያይ የማያውቅ መሆኑ ነው።

በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ይህ ሕመም የተማሩ ሰዎች ሕመም እየተባለ በሰፊው ይነገርለት ጀመር። ጆርጅ ቼይን የተባለ ሐኪም በ1733 ዓ.ም. «የእንግሊዝ በሽታ» የሚል መጽሐፍ ጽፎ አሳተመ። ለእኛ ግን ከሐኪሞቹ ይልቅ የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ የበለጠ አስተማሪ ሆኖ ታይቶናል። እነርሱም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሳሙኤል ጆንሰንና የሕይወት ታሪኩን የጻፈለት ጄምስ ቦዝዌል ናቸው።

ጆንሰን በ1709 ዓ.ም. የተወለደ ሲሆን ገና በሃያ ዓመቱ «አእምሮዬን ልስት ነው» የሚል ፍርሃት ያዘው። የሚሰማውን ሁሉ በላቲን ቋንቋ ጽፎ የክርስትና አባቱ ለሆነ ሐኪም ሰጠ። ሐኪሙም በጽሑፉ ማማር ተደንቆ ለሌሎች ሰዎች አሳየው፤ ጆንሰንም ምሥጢሩ በመገለጡ እጅግ አዘነበት። ይኸው ሰው በበር ሲገባና ሲወጣ እርምጃውን ይቈጥር እንደ ነበር ቦዝዌል ይመሰክራል። በተወሰነው እግሩ መድረኩን ካልተሻገረ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይጀምር ነበር። ዛሬ ሐኪሞች የጤና ስጋትን በአንድ ክፍል፣ መቍጠርንና መደጋገምን በሌላ ክፍል ያስቀምጣሉ፤ በጆንሰን ሕይወት ውስጥ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ኖረዋል። ቦዝዌልም በበኩሉ በኀዘንና በስጋት የሚሠቃይ ሰው ስለ ነበር፣ ከ1777 እስከ 1783 ዓ.ም. «ሂፖኮንድሪያኩ» በሚል የብዕር ስም ሰባ ጽሑፎችን በአንድ የለንደን መጽሔት ላይ አወጣ። በሽታውን የሚያፍርበት ሳይሆን ስም ሰጥቶ በአደባባይ የሚነጋገርበት ሰው በመሆኑ ልናመሰግነው ይገባል።

የጓደኛችንን ታሪክ ይበልጥ የሚመስለው ግን የቻርልስ ዳርዊን ታሪክ ነው። ዳርዊን በ1831 ዓ.ም. ቢግል በተባለችው መርከብ ዓለምን ሊዞር በፕሊማውዝ ወደብ ሲጠባበቅ ልቡ ይመታበትና ደረቱን ያመው ነበር። ቀደም ሲል ጥቂት የሕክምና ትምህርት ቀምሶ ስለ ነበር «የልብ በሽታ አለብኝ» ብሎ በእርግጥ አመነ። ወደ ሐኪም ግን አልሄደም፤ «ለጉዞ አትሆንም» እንዳይባል ፈርቶ ነበርና። ፍርሃቱን እንደ ያዘ ወደ መርከቡ ገባ። አምስት ዓመት ተጉዞ ተመለሰ፤ እስከ ሰባ ሦስት ዓመቱም ኖረ። በኋለኛው ዕድሜው ብዙ ሕመም እንዳሠቃየው፣ ለብዙ ዓመታትም የጤናውን ሁኔታ በየቀኑ ይመዘግብ እንደ ነበር የታወቀ ነው፤ የሕመሙ ምክንያት ግን እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል። እኛ እዚህ የምንለው ሰው ሐኪም አያስፈልገውም ለማለት አይደለም። የምንለው፣ ዳርዊን «እርግጠኛ ካልሆንኩ አልጓዝም» ቢል ኖሮ ከወደቡ ባልተነሣ ነበር ለማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የስሞች ዘመን መጣ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞች ፍርሃቶችን እየለዩ ለእያንዳንዱ ስም ሰጡት። በ1871 ዓ.ም. ጀርመናዊው ዌስትፋል አደባባይ ማቋረጥ ለሚፈሩ ሰዎች ሕመም ስም አወጣለት። በ1875 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ሌግራን ዱ ሶል ሁሉን ስለሚጠራጠሩና ዕቃ መንካት ስለሚፈሩ ሰዎች ሲጽፍ «የጥርጣሬ እብደት» አለው። በ1891 ዓ.ም. ጣሊያናዊው ሞርሴሊ «መልኬ ተበላሽቷል» እያሉ ከመስታወት ፊት ስለማይለዩ ሰዎች ጻፈ። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ የቪየናው ፍሮይድ የጭንቀትን ሕመም ከሌሎች ለይቶ ለብቻው አቆመ። ይህ ሁሉ ሥራ ጠቃሚ ነበር፤ ስም የሌለውን በሽታ ማከም አይቻልምና። ነገር ግን ስሙ በበዛ ቁጥር እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚያስቡበት መንገድ ተመሳሳይ መሆኑ እየተረሳ ሄደ። እያንዳንዱ ሐኪም የዛፉን አንድ ቅርንጫፍ ይዞ ግንዱን ሳያይ ቀረ ማለት ይቻላል።

ግንዱን እንደገና ለማየት የተቻለው በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ዓመታት ሕሙማኑን ሲያዳምጥ፣ ከኀዘናቸውና ከፍርሃታቸው አስቀድሞ ሳይጠሩት የሚመጣ ፈጣን ሐሳብ መኖሩን አስተዋለ። ሕሙማኑም ያን ሐሳብ ሳይመረምሩ እንደ እውነት ይቀበሉት ነበር። በ1966 ዓ.ም. ቪክቶር ማየር በለንደን ሁለት ሕሙማንን አከመ፤ እነርሱም በፍርሃት ምክንያት አንድን ነገር መላልሰው ከማድረግ ማረፍ ያልቻሉ ሰዎች ነበሩ። ማየርም የሚፈሩትን ነገር እንዲጋፈጡ፣ ፍርሃቱን ለማብረድ የሚያደርጉትን መደጋገም ግን እንዲተዉ በማድረጉ ተሻላቸው። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ታላቅ ነገር አሳዩ። ሕሙማንን የሚያስጨንቁት ክፉና እንግዳ ሐሳቦች በጤነኛ ሰዎችም አእምሮ ውስጥ ብልጭ ይላሉ። ጤነኛው ሰው ግን «እንዴት ያለ ሞኝ ሐሳብ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ሕመምተኛው «ይህ ሐሳብ የመጣብኝ በምክንያት ነው» ብሎ ይይዘዋል።

በመጨረሻም በ1980ዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ዴቪድ ክላርክ ስለ ድንገተኛ የድንጋጤ ሕመም፣ ፖል ሳልኮቭስኪስና ሂላሪ ዋርዊክ ደግሞ ስለ መደጋገምና ስለ ጤና ስጋት በጻፏቸው ጽሑፎች የእነዚህ ሁሉ ሕመሞች አሳሳብ ተቀራራቢ መሆኑን ግልጽ አደረጉ። ከእነርሱና ከተከታዮቻቸው የተማርነውን በራሳችን አነጋገር በአምስት ከፍለን እናቀርባለን።

አንደኛው፣ ሊሆን የሚችለውን ነገር እንደሚሆን አድርጎ መቍጠር ነው። ልብ ሲመታ ምክንያቱ ሩጫ፣ ቡና ወይም የፈተና ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። የሚሰጋው ሰው ግን ከሁሉ የከፋውን አንዱን ምክንያት መርጦ ሌላውን ይተወዋል።

ሁለተኛው፣ ፍጹም እርግጠኝነትን መፈለግ ነው። «ዘጠና ዘጠኝ እጅ ደኅና ነህ» ሲሉት ዐይኑ የምታርፈው በቀረችው አንዷ ላይ ነው። እጁን ሃያ ጊዜ የሚታጠበውም ሰው፣ በሩን መቈለፉን አሥር ጊዜ የሚያየውም ሰው፣ ኃጢአቱን መልሶ የሚናዘዘውም ሰው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም በዚህ ዓለም ለማንም ያልተሰጠ እርግጠኝነት ነው።

ሦስተኛው፣ ያለ ዕረፍት መጠበቅ ነው። ሌሊት ብቻውን የተኛ ሰው ጆሮውን ቢያቀና በቤቱ ውስጥ የማይሰማው ድምፅ የለም። እንዲሁም ሰውነቱን ሌት ተቀን የሚያዳምጥ ሰው አንድ ነገር አያጣም። ድምፁ ቀድሞም ነበረ፤ አዲሱ ነገር ጆሮው ነው። ፍርሃቱም በተራው ልብን ያስመታል፤ የልቡም ምት ፍርሃቱን ያጸናል። በዚህ ዓይነት ክቡ ይዘጋል።

አራተኛው፣ ደጋግሞ መመርመርና ደጋግሞ መጠየቅ ነው። ይህ እንደ ጨው ውኃ ነው፤ ለጊዜው ጥምን የሚቈርጥ ይመስላል፤ በኋላ ግን ያብሰዋል። አእምሮ «የዳንኩት ስለ ጠየቅሁ ነው» ብሎ ይማራልና በሚቀጥለው ጊዜ ሳይጠይቅ ማደር አይችልም። በዘመናችን ደግሞ በእጃችን ያለው ስልክ የማይደክም መላሽ ሆኗል፤ ስለ ራስ ምታት የጠየቀውን ሰው ስለ አንጎል ዕጢ ሳይነግረው አይለቀውም።

አምስተኛው መሸሽ ነው። ኳስ የተወው ጓደኛችን ኳስ ልብን እንደማይጎዳ የሚያውቅበትን ዕድል አብሮ ተወው። ቡንያንም ከደወሉ በመሸሹ ደወሉ የማይወድቅ መሆኑን አላየም።

እነዚህ አምስቱ በጤና ስጋት፣ በድንገተኛ ድንጋጤ፣ በመደጋገም ሕመም፣ ስለ መልክ በመጨነቅና ስለ ሁሉ ነገር በመስጋት ውስጥ በልዩ ልዩ መጠን ይገኛሉ። ሐኪሞች ራሳቸው እንኳ በአከፋፈሉ አልተስማሙም። የአሜሪካ ሐኪሞች በ2013 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ የጤና ስጋትን ከአካል ስሜት ሕመሞች ጋር አስቀመጡት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ከመደጋገም ሕመም ወገን አደረገው። መጽሐፉ በየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ክርክር አለ፤ በውስጡ የተጻፈው ሐሳብ ግን የሚመሳሰል መሆኑን ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። ይህም ለሕክምና ይጠቅማል፤ ለአንዱ ፍርሃት የተገኘው መድኃኒት ለሌላውም ይሠራልና። በእንግሊዝ አገር በሆስፒታሎች ውስጥ በ444 ሕሙማን ላይ የተደረገና በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ የሐሳብን መንገድ በማስተካከል የታከሙት ሰዎች በተለመደው ሁኔታ ከታከሙት ይልቅ ከስጋታቸው ተሻላቸው።

«ታዲያ ሐሳብ ብቻ ከሆነ ምን ያስጨንቃል? ይተወዋ!» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኛም እንዲህ ብለን ነበር። ነገር ግን በ2023 ዓ.ም. መጨረሻ በስዊድን አገር የወጣ ሰፊ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ይህ ሕመም እንዳለባቸው በሐኪም የተረጋገጠ ሰዎች ከሌሎች ሰዎች አምስት ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ፤ ራሳቸውን በማጥፋት የመሞታቸውም አደጋ አራት እጥፍ ያህል ነው። ሞትን ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩ ሰዎች ወደ ሞት የሚቀርቡ መሆናቸው እጅግ የሚያሳዝን ነገር ነው። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ በሌላ መንገድ እውነት ሆኖ ይታያል። ይህን ባነበብን ጊዜ «ሟቹ» ብለን ያወጣነው ስም በጆሯችን ውስጥ ጮኸ።

በአገራችን ደግሞ የሚጨመር ሌላ ሸክም አለ፤ እርሱም እፍረት ነው። በአዲስ አበባ የአእምሮ ሕሙማን ሲታከሙበት የኖሩት የአማኑኤል ሆስፒታል ስም ሰው የሚፈወስበት ስፍራ ስም መሆኑ ቀርቶ በልጆች ዘንድ የስድብ ቃል ሲሆን እንሰማለን። እግሩ የተሰበረውን ጓደኛ ደግፈን ወደ ሐኪም እንወስዳለን፤ ሐሳቡ የተሰበረውን ግን «አማኑኤል ይውሰዱህ» ብለን እንስቅበታለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ነገር ግን እንዲደብቀው የሚያደርገው ማን ነው? የሚስቀው ሰው አይደለምን?

እንግዲህ ምን ማድረግ ይገባል? እኛ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች ስላልሆንን ምክራችን አጭር ነው። የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አዲስ ወይም የጠና ምልክት ያየም አይዘግይ። ሐኪም በሚገባ መርምሮ «ደኅና ነህ» ካለው በኋላ ግን ጥያቄው «በሽታው ምንድር ነው?» መሆኑ ቀርቶ «ይህን ጥርጣሬ ተሸክሜ እንዴት እኖራለሁ?» ይሁን፤ ለዚህም ጥያቄ የሚረዳ ሐኪም አለና ሊያፍርበት አይገባም። ጓደኛም ቢሆን መቶ ጊዜ «ደኅና ነህ» ማለትም መሳቅም አይጠቅምም። «መፍራትህን አያለሁ፤ ና አብረን ወደ ሜዳ እንውረድ» ማለት ይበልጣል።

ጓደኛችን የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለብዙ ወራት ከተመላለሰ በኋላ ዘንድሮ ተመልሶ ከእኛ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ይማራል። ምን እንዳሻለው ብንጠይቀው የደም ሥሩን አለመቍጠርን ጥቂት በጥቂት እንደ ተማረ ነገረን። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ ለአንድ ቀን፣ ከዚያም ለአንድ ሳምንት ሳይቈጥር ማደርን ለመደ። «ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል?» ስንለውም «አልጠፋም፤ ግን እርሱ እያወራ እኔ እጫወታለሁ» አለን። ባለፈው ወር በክፍሎች የኳስ ውድድር ክፍሉን ወክሎ በክንፍ በኩል ተጫውቶ በእኛ ላይ አንድ ግብ አስቈጠረ። በዚያ ቀን በመሸነፋችን ያዘነ ከመካከላችን አልነበረም።

ትምህርት ቤታችን ይህን የመታሰቢያ በዓሉን በሚያከብርበት ጊዜ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከዚህ ተምረን የምንወጣው የመጽሐፍ ዕውቀት ብቻ እንዳይሆን እንመኛለን። ከእኛ በኋላ በዚያው መኝታ ቤት የሚያድሩ ታናናሽ ወንድሞቻችን መብራት ከጠፋ በኋላ አንድ ልጅ በጨለማ ውስጥ የደም ሥሩን ሲቈጥር ቢሰሙ፣ ስም አያውጡለት፤ በስሙ ይጥሩት።